ጥቅምት ላይ የወለድኩት ባሌ

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽምብራውን አስፈጭተሽ ስትገቢ ከረጢቱን ፈትቼ እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩበትና ሳላወጣው ቆየሁ። «አያቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ፤ ውሸቴን ነው። የጠፋብኝ አያትሽ ነው። ጉንጬን በሁለት እጁ ሲይዘኝ መዳፉ እንደዚያ ሞቅ ያለ፣ እንደዚያ የላመ ነበር። ሽታውም ያው አዲስ የተፈጨ እህል፣ ከሥሩ ትንሽ ናፍጣ ያለበት።

አንቺ የደረስሽበት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ጆሮው የከበደው ሽማግሌ ነው። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሰው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር በነበረው ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሄዶ ሞተሩን በእጁ እያዞረ ያስነሳዋል። አልጋ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ መጀመሪያ ያጓራል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ደግሞ ያጓራል። ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር «ተነሣለት» ብዬ እኔም እነሣለሁ። ያ ድምፅ እስኪመሽ አያርፍም። የወፍጮው ድንጋይ በደነዘ ቁጥር ተንበርክኮ በመሮ ይወቅረዋል፤ ከመሮው የሚፈናጠረው የብረት ስባሪ የእጁን ጀርባ እየወጋ ገብቶ ጥቁር ነጠብጣብ አድርጎት ነበር። አንቺ የእርጅና ምልክት የመሰለሽ እሱ ነው።

ቤት ሲገባ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው። የወፍጮውን ጩኸት ስለለመደ ቤት ውስጥም ይጮኻል፤ «ውኃ ስጪኝ» ሲለኝ ጎረቤት ውኃ ይዞ ሊመጣ ምንም አይቀረውም። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ምሳ አብረን ተቀምጠን በልተን አናውቅም። ምሳውን እወስድለታለሁ፤ ዱቄቱ እየበነነበት፣ ዓይኑን ከድንጋዩ ሳይነቅል፣ ቆሞ ይበላል። ወፍጮው የሚቆመው በበዓል ነው፤ በበዓል ደግሞ ቤቱ በዘመድ ይሞላል። ባሌ ናፈቀኝ። አትሳቂ፤ አንድ ጣራ ሥር እያደሩ መናፈቅ አለ።

በግቢያችን ከአዲስ አበባ የመጣች የአስተማሪ ሚስት ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ስትደፋ አገኘኋትና በዓሉ ምንድን ነው ብላት «ባሌ የተወለደበት ቀን ነው» አለችኝ። ገረመኝ። እኛ የምናውቃቸው የልደት ቀን ያላቸው ሁለት ነበሩ፤ ጌታችንና ጃንሆይ። «ያንቺ ባልስ መቼ ነው የተወለደው?» ስትለኝ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። የሸሚዙን ልክ አውቃለሁ፤ የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው አውቃለሁ፤ ወደዚህ ዓለም የመጣበትን ቀን ግን አላውቅም። ራሱን ብጠይቀው «የሥራ ቀን ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን ያዝኩት። ቀኑን ካገኘሁ፣ ያችን አንዲት ቀን ወፍጮውን አስቁሜ ባሌን ለራሴ አደርገዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ለእንቁጣጣሽ ደምበጫ አጠገብ ወዳለው አገሩ ሄድን። አማቴ ሰው የሚወዱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበሩ። አንድ ነገራቸው ብቻ ያስቀኝ ነበር፤ ያን ጺማም ልጃቸውን «አንቺ» ነበር የሚሉት። «ነይ እስቲ ቅመሺ፣ ከስተሻል እኮ ልጀ» ይሉታል፤ እሱም እንደ ሕፃን ሄዶ ይጎርሳል። የማቆላመጥ መስሎኝ ነበር። ለብቻችን ስንሆን «እማማ፣ ልጅዎ መቼ ነው የተወለደው?» አልኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «እንጃ፤ ማን ያስታውሰዋል» አሉና ጥለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው እናት ይህን እንዴት እንደሚረሱ አልገባኝም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። የክርስትና አባቱ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ ጠየቅኳቸው።

«የተወለደበትን አላውቅም፤ ያነሣሁበትን ግን አልረሳም» አሉኝ። «ያን ጊዜ ወጣት ዲያቆን ነኝ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እናቱ ድንገት አስጠርታ አስታቀፈችኝ። እንግዲህ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣ። ወደ ኋላ ቁጠሪና ድረሺበት፣ ልጀ።»

እዚያው ቅጥሩ ሥር ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። አርባው ጥቅምት በባተ በሦስተኛው ቀን ላይ ጣለኝ። ደስ አለኝ። ጥቅምት በእኛ አገር ብራ ነው፤ ጭቃው ደርቋል፣ ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ነው፣ የእህሉ ሽታ ከመንገድ ድረስ ይመጣል። የእኔ ባል በሌላ ቀን ሊወለድ አይችልም አልኩ።

ቀኑ ሲደርስ ረቡዕ ሆኖ አረፈው። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ። የሽምብራ ዓሣ ልሥራለት አልኩ፤ የሽምብራ ዱቄት አቡክተሽ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠሽ፣ ጠብሰሽ ወጥ ውስጥ መክተት ነው። ሽምብራውን በዋዜማው እሱው ፈጨልኝ። የማን ድግስ እንደሆነ ምን ያውቃል።

እኩለ ቀን ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሴቶች ከነስልቻቸው እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፈዋል፤ በጣራው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ በሚበነው ዱቄት መካከል እንደ ምሰሶ ቆሟል። በእኔ ጉዳይ ያን ሁሉ ሰው ማስቆም አስፈራኝ። ከፊት ወደቆሙት ትልቅ ሴት ጠጋ ብዬ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኽኩ «እናቴ፣ ዛሬ ልደት አለብንና ባሌን ለምሳ ልውሰደው፤ ትታገሡኛላችሁ?» አልኳቸው።

«ወለድሽ?» አሉኝ ሆዴን እያዩ።

«እኔ አልወለድኩም፤ ተወልዶ ነው።»

«እሰይ። ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው፤ እሱ ራሱ» ብዬ ወደ ባሌ ጠቆምኩ።

ሴትዮዋ እሱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ሳቃቸው አመለጣቸውና ከጎናቸው ላለችው ነገሩ፤ ያቺም ከኋላዋ ላለችው ነገረች፤ ሰልፉ ሁሉ ተሳሳቀ። አያትሽ ምን እንደሆነ ሊሰማ ሞተሩን አጠፋው። በዚያ ዝምታ ላይ ሴቶቹ ለወንድ ልጅ የሚባለውን እልልታ አቀለጡት። አንዷማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሳመችኝ። እሱ ከነዱቄቱ ቆሞ ያየናል። ጉንጩ ላይ ባለው ዱቄት ሁለት ቀጭን መስመር ሲወርድ ሳይ ነው ማልቀሱን ያወቅኩት። ለምን እንዳለቀሰ እሱም አያውቀውም ነበር።

ሴቶቹ ስልቻቸውን በየተራቸው ደርድረው ገበያ ወረዱ። እኛ ቤታችን ገባን። ዓሣውን አገላብጦ አየና «የእኔ ነገር፣ ልደቴም ጾመኛ ሆነ» አለ። ተቀምጦ በላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ለካ ለስላሳ ድምፅ ነበረው። ስለ ልጅነቱ ነገረኝ፣ ስለማያስታውሰው አባቱ ነገረኝ፤ በመሃል ጭኔ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ከሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄቱን በጣቴ ጫፍ ሳራግፍ አልነቃም። በበሩ የገባው ፀሐይ እግሩ ላይ ደረሰ፣ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ያን ያህል ጊዜ የእኔ ሆኖ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ። አንዱን መልሰሽ ውሰጂ ብባል የምወስደው ያን ከሰዓት ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ይስቁልኛል ብዬ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። እልልታው ላይ ስደርስ መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑ።

«ምነው ልጀ፣ ምነው አስጠራሽብኝ?» አሉ።

ከዚያ ነው የነገሩኝ። ከእሱ በፊት ሦስት ወንዶች ወልደው፣ ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ተቀብረዋል። ዓይን በልቷቸው ነው ይላሉ አማቴ። አራተኛውን ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዶፍ ሲወርድ ወለዱት። እልል እንዳይባል አዋላጇን ለመኗት። ለጎረቤት ሁሉ «ሴት ናት» አሉ፤ «አንቺ» እያሉም ጡት አጠቡት። በአርባ ቀኑ ክርስትና ቢያስነሡት ወንድነቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ እንደ ሴት ልጅ ሰማንያውን ጠበቁ። የእኔ ቆጠራ አርባ ቀን የጎደለው በዚህ ነው።

«እልል ሳይባልለት ነው ያደገልኝ» አሉ። «እውነተኛዋ የልደቱ ቀን እንዳትሰማ፣ ልጀ። በሕይወት እስካለ ድረስ ለሰው አትንገሪብኝ።»

ማልኩላቸው። ለእሱ ብቻ እንድነግረው ፈቀዱልኝ። ስነግረው እጄን ያዘና «እናቴ በክረምቱ ወለደችኝ፤ አንቺ ደግሞ በጥቅምቱ ወለድሽኝ። እኔ የጥቅምቱ ይሻለኛል» አለ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ሲለወጥም፣ ወፍጮው ባለቤት ሲለውጥም፣ በየዓመቱ በዚያች ቀን እኩለ ቀን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይመጣ ነበር። ዝም ሲል እሰማዋለሁ። እንደዚያ የምወደው ዝምታ አልነበረም።

ያረፈው መስከረም አጋማሽ ላይ እንደሆነ ታስታውሻለሽ። በእናቱ ቆጠራ ዓመቱን ደፍኗል፤ በእኔ ቆጠራ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እነዚያን ቀኖች ቢጨምርልኝ ብዬ ፈጣሪን ለምኜዋለሁ፤ ያች ቀን እንድትደርስለት ብቻ። አልሆነም። ልጆቼ መቃብሩ ላይ የልደቱ ቀን መቼ ይባል ሲሉኝ ጥቅምት ሦስት ብዬ አስጻፍኩ። መሐላ ስለነበረብኝ ነው፤ ደግሞም ለእኔ እውነት ነው።

አማቴ ካረፉ ቆዩ። እሱም ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ የሚያገኘው ክፉ የለም፤ የምንደብቀውም ሰው የለንም። ስለዚህ ለአንቺ ልንገርሽ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዶፍ ሲወርድ፣ አያትሽ ተወለደ። ወንድ ነበር።