የአባቴ ዋስ

እጮኛዬ ሌላ ሴት ሲስም አገር ሁሉ ያየው ከእኔ በፊት ነው። ጥንዶችን አንድ ግቢ ውስጥ ዘግቶ ከጠዋት እስከ ማታ በካሜራ የሚከታተል የቴሌቪዥን ውድድር ውስጥ ነበርን። ተመልካች ድምፅ ይሰጣል፤ ላሸነፉት ሠርግ ይደገስላቸዋል። እንግባ ያለው እሱ ነው፤ እኔንም ግን ማንም ጎትቶ አላስገባኝም፣ ደስ እያለኝ ነው የገባሁት። ውስጥ ስልክ አይፈቀድም። ስለዚህ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የሆነውን ውጭ ያለው ሰው አይቶ፣ ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ቀልድ ሠርቶበት ሲጨርስ እኔ የዚያኑ ሰውዬ ሸሚዝ እተኩስ ነበር። ስተኩስ የሚያሳየው ቪዲዮ ዛሬም ዘፈን እየተጨመረበት ይዞራል። ሸሚዙ ነጭ ነበር፤ ኮሌታው ላይ ብዙ ደክሜበታለሁ።

በኋላ አቅራቢዋ መድረክ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም በትልቅ ስክሪን አሳየችኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። “አሁን ምን ይሰማሻል?” አለችኝ። “ረስቼዋለሁ” አልኩ። ካየሁት እኮ አንድ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ያህል እንኳ አልቆየም! አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጀግና ተባልኩ። ብዙም ሳልቆይ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገሬ የሚወስደኝ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሙዝ ልጣ ሰጠችኝና “ብዪ፣ ወንድ እንደሁ ያው ነው” አለችኝ። ስሜን አልነገርኳትም፤ ታውቀው ነበር።

ቤታችን ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ ንብም ያረባል። እናቴ በፊት ከእኔ ጋር ስታወራ ኽምጥኛውንና አማርኛውን ታደባልቀው ነበር፤ ስመለስ ግን በኽምጥኛ ብቻ ታናግረኝ ጀመር። በአማርኛ የመጣብኝን ነገር ሁሉ ከደጅ ልታስቀርልኝ የፈለገች ይመስለኛል። ስለ ልጁ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። “ከስተሻል” ትለኛለች፣ ሳልጨርስ ትጨምርልኛለች፣ እምቢ ስል ትቆጣለች። እኔም እበላለሁ።

በገበያ ቀን የአባቴን ማር ይዤ ከተማ እወርድ ነበር። የእኛ አገር ማር ነጭ ነው፤ ሰው ሲገዛ ቀምሶ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ፣ ሰም በዝቶበታል ብሎ ተከራክሮ ነው። ከእኔ ግን ሳይቀምሱ ይገዛሉ። የሚያዩት እኔን ነዋ! ሴቶቹ “ውይ እኔን!” እያሉ ከንፈር ይመጥጡልኛል። ጎረምሶቹ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ደግፈው ይቀርጹኛል፤ የማላውቅባቸው ይመስላቸዋል። ካሜራን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አንዱን “ወዲህ ዞር በል፣ በዚህ በኩል ብርሃኑ ይሻልሃል” ስለው አፍሮ ሄደ። አባቴ ባልዲው ባዶ ሆኖ ሲመለስለት “ዘንድሮ አበባው ጥሩ ነበር” ይላል። ይህን ደስታውን ልነጥቀው አልፈለግሁም።

ዋናው ነገር የመጣው ግን በእሱው በአባቴ በኩል ነው። ውድድሩ ላይ ሽማግሌ የሚላክበት ክፍል ነበር። አዘጋጆቹ ሦስት ሽበታም ተዋናዮች አምጥተው፣ ጋቢ አልብሰው ሶፋ ላይ ደረደሯቸው። አባቴ ሰቆጣ ሆኖ በስልክ ገባ፤ ድምፁ ለአዳራሹ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ የተጻፈላቸውን አሉ። አባቴ እንዲል የሚጠበቀው “ፈቅጃለሁ” ብቻ ነበር። እሱ ግን “ዋሱ ማነው?” አለ።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ያለ ዋስ አትሰጥም። ልጁ ቢበድል፣ ቢጠፋ፣ ቃሉን ቢያጥፍ አባት የሚይዘው ዋሱን ነው። ይህ ደግሞ ማንም ወረቀት ላይ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቅራቢዋ ወደ ካሜራው ፈገግ እንዳለች ቀረች። መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው “እኔ ነኝ ዋሱ” አሉ። አባቴም “እንግዲህ ሰጥቻለሁ” አለ። ተመልካች በጣም ወደደው፤ ለሳምንታት ሰው ሁሉ “ዋሱ ማነው?” እየተባባለ ይቀልድ ነበር አሉ። አባቴ ክፍሉ ሲተላለፍ ከተማ ወርዶ ሻይ ቤት ውስጥ አይቶታል። ሽማግሌዎቹ ሲነሱ እሱም ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንደነበር የነገረኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ሳይል ቆየ። አንድ ቀን ቀፎ በእበት እየለቀለቀ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ “ሰውዬው መቼ ነው የሚመጡት?” አለኝ።

“የትኛው ሰውዬ?”

“ዋሱ ናቸዋ።”

“አባዬ፣ እሳቸው እኮ ተዋናይ ናቸው። ተከፍሏቸው ነው።”

እበቱን በመዳፉ አለሰለሰ። “ይከፈላቸው እንጂ፣ ሥራ ፈትተው ነው የመጡት። እኔ የምልሽ፣ ዋስ ነኝ ብለዋል ወይስ አላሉም?”

“ብለዋል።”

“እኔስ ሰጥቻለሁ ብያለሁ ወይስ አላልኩም?”

“ብለሃል። ግን ለፕሮግራሙ ነው እኮ፣ አባዬ።”

“እኔ ለፕሮግራም አልሰጠሁሽም” አለና ወደ ቀፎው ተመለሰ።

አባቴ በአካባቢው ሰው ሲጣላ የሚጠራ ሽማግሌ ነው። ድንበር የገፋ፣ ፍየሉ የሰው ማሳ የገባበት፣ ከወንድሙ የተኳረፈ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ አስታርቆ ይመልሳል። በእሱ አስተያየት የእኔም ጉዳይ ከዚያ የተለየ አልነበረም። ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፤ ቃሉን የተቀበለው ሰው እስኪመልስለት ድረስ እኔ የዚያ ልጅ እጮኛ ነኝ።

እውነቱን ልናገርና ይህ አልከፋኝም ነበር። ልጁን እወደዋለሁ። ሳውቀው ኮስሞቲክስ የምሸጥበት ሱቅ እየመጣ የማይፈልገውን የፀጉር ቅባት ይገዛ ነበር፤ ፀጉሩ እኮ ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ ነው። ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ አጥሚት ራሱ አፍልቶ፣ አሳርሮ፣ የአረረውን አብረን ጠጥተን ስቀናል። ያ ሰው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ካለው ሰው ጋር አንድ መሆኑ አልዋጥልኝ አለ። ስለዚህ ስልኬን አንድ ቀን እንኳ አልዘጋሁም። በዚያው ሰሞን ከአዘጋጆቹ አንዷ ደወለችልኝ። ልዩ የእርቅ ፕሮግራም ሊሠሩ ነው፤ እሱም በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ይፈልጋል። “ላስብበት” አልኳት። የማስበው ግን ምን እንደምለብስ ነበር። ይቅርታ ከጠየቀኝ እመለስለታለሁ ብዬ ቆርጬያለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴም ጭምር።

ለአባቴ ፕሮግራም እንዳለብኝ ብቻ ስነግረው “ቃሌ ሳይመለስልኝ የትም አትሄጂም” አለ። ፈቃድ የሚጠየቅበትን ዕድሜ ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ሻንጣዬን አንስቼ ብሄድ የሚይዘኝ የለም። ግን ተናድጄም ቢሆን ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም። እና የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር ፈልጊ ተባልኩ። አዘጋጇን ጠየቅኋት፤ ከት ብላ ስቃ ላከችልኝ።

ስልክ በደንብ የሚሰማው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ለብሶ ወጣ፤ በስልክ ለማውራት ጋቢ! “ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ዋሴ ነዎት። ልጁ በድሏል። ይምጡና ቃሌን ይመልሱልኝ” አለ። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። አዲስ አበባ ሙሉ ሲስቅብን ይታየኛል። አባቴ ጥቂት አዳምጦ ስልኩን መለሰልኝ።

“ምን አሉ?” አልኩት።

“መቼ ልምጣ አሉ።”

መጡም። አውቶቡስ ቀያይረው፣ መንገድ አድረው፣ ጉልበታቸውን እያሹ መናኸሪያው ላይ ወረዱ። በቴሌቪዥን የአገር ዳኛ የሚመስሉት ሰውዬ ኮታቸው የሰፋባቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ በፌስታል ስኳር ይዘዋል። እናቴ እግራቸውን አጠበቻቸው። አባቴ ፍየል አረደ። ስንበላ ለምን እንደመጡ ልጠይቃቸው ስል ራሳቸው ጀመሩልኝ።

“ልጄ፣ እኔ በሥራዬ ያልሆንኩት የለም። ዘይት ነጋዴ ሆኛለሁ፤ ዳኛ ሆኛለሁ፤ አንድ ድራማ ላይ አስከሬን ሆኜ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፎ አልተንቀሳቀስኩም። የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም የተሰጠንን ነበር የምናወራው። የራሱን የተናገረ አባትሽ ብቻ ነው። ዋሱ ማነው ሲል ዝም ማለት አሳፈረኝ።”

አባቴ ከጎድኑ መርጦ አጎረሳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጥን። አባቴ፣ ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎችና እንግዳችን አንድ ላይ፣ እናቴና እኔ ትንሽ ፈንጠር ብለን። ከጎረቤቶቻችን በዕድሜ የሚያንሱት ወደ እንግዳው ዞሩ።

“እርስዎ ዋስ ነዎት። ልጁ የታለ?”

“ደወልኩለት” አሉ እንግዳው። እኔን ላለማየት አፈሩን በጣታቸው ይጭራሉ። “ሰቆጣ ድረስ ና፣ አባቷ ፊት ቁም፣ መሳፈሪያህን እኔ እችላለሁ አልኩት። ‘አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል’ አለኝ። ለቴሌቪዥኑ እርቅ ግን ይመጣል። ሱፍ እያሰፋ ነው።”

ያመመኝ ሱፉ ነው። መሳሙን በትልቅ ስክሪን ሳይ እንኳ እንዲህ አላመመኝም። እዚህ ድረስ መጥቶ አባቴን ቢያየው፣ ምንም ሳይናገር ቆሞ ቢመለስ እንኳ ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን ለመንበርከኪያው ልብስ እየተለካ ነው።

“አንቺስ፣ ልጃችን፣ ምን ትያለሽ?” አሉኝ ሽማግሌው። “ትመለሺለታለሽ ወይስ ይቅር?”

ስንት ሰው ምን ይሰማሻል ብሎኛል፤ ለሁሉም የሚያምር መልስ ነበረኝ። እዚያ ግን አንዱንም አልፈለግሁትም። የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነው፤ የሚያጣድፈኝ የለም።

“እወደዋለሁ” አልኩ። አባቴ ባለበት እንዲህ ያለ ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። “እወደዋለሁ። ግን አልመለስም። ይቅርብኝ።”

እንግዳው ተነሱ። በአጠገባችን ወዳለው የድንጋይ ካብ ሄደው ድንጋይ መርጠው አነሱና ጫንቃቸው ላይ አድርገው እየተንገዳገዱ ወደ እኔ መጡ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ጎንበስ ይላል፤ የተበደለው ይቅር ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም።

“ልጁ አልመጣም፣ ዋሱ ግን መጥቻለሁ” አሉ። ወደ አባቴ ሳይዞሩ “ቃልዎን መልሻለሁ” አሉት። ለእኔ ደግሞ “ይቅር በይኝ፣ ልጄ” አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት አባቴ ብድግ ብሎ መጣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከጫንቃቸው ላይ አነሳ። “ቃሌን ተቀብያለሁ። እርስዎ የበደሉት የለም፣ ይቀመጡ” አላቸው። ድንጋዩን መሬት የሚጥለው መስሎኝ ነበር። የራሱ አንገት ላይ አደረገውና ከፊቴ ጎንበስ አለ።

እናቴ “ምነው!” ብላ ተነሳች። አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም በዚያ አገር ማን አይቶ ያውቃል? ሽማግሌዎቹ ሊይዙት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ።

“ስሰጥሽ የልጁን ፊት አላየሁም” አለ አባቴ ወደ መሬት እያየ። “ዋሱን ጠየቅሁ። አንቺን ግን አልጠየቅሁሽም። ትፈልጊዋለሽ ወይ አላልኩሽም፣ ደህና ይይዝሻል ወይ አላልኩሽም። ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ሰው እየሳቀ፣ ሰጠሁሽ። ከመጣሽ ጀምሮም ቃሌ ቃሌ ስል ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝ።”

ማልቀስ ጀምሬ ስለነበር ፊቱ አይታየኝም። አንገቱ ላይ ንብ የነደፈው ቦታ አብጦ ነበር፤ ድንጋዩ ያረፈው እዚያው ላይ ነው። እናቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኩ።

ድንጋዩን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አባቴ ቀና አለ። ፊቴን በሻካራ መዳፎቹ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ሰቆጣ ከገባሁ ወራት አልፈው ነበር።

“እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ” አለኝ።