ከበሩ ላይ የቀረው ፈረሰኛ

ልጅ እያለሁ አንድ የፈረንሳይ ፈረሰኛ አናደደኝ፤ ይኸው ጥርሴ አልቆ ንዴቱ አላለቀም።

ሰቆጣ አምስተኛ ክፍል ነበርን። አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ አቧራችን ያማረራቸው ሰው ነበሩ። አርብ አርብ ከሰዓት፣ ክፍሉ ጠመኔና ላብ ሲሸት፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ የፈረንሳይ ባለቅኔ የጻፈውን የፈረሰኞች ጀብዱና ፍቅር በቃላቸው ይተርኩልን ነበር። ፈረሰኛው የወደዳትን ወይዘሮ ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል፣ ደን ያቋርጣል፣ ያገኘውን ሁሉ በጦር ይገጥማል። በመጨረሻ እሷ ካለችበት ግንብ ደረሰ። በሩ ዝግ ነው። እዚያው ቆሞ ይፎክራል። ሌላ አርብ ይመጣል፤ አሁንም ይፎክራል!

በእኛ አገር ሚስት የፈለገ ሽማግሌ ይልካል እንጂ የሰው በር ላይ አይፎክርም። ትዕግስቴ አለቀና እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም እንዴ? ሽማግሌ ቢልክ አይሻለውም?»

«ዝም በል አንተ! ፈረሰኛ በጦሩ ነው የሚናገረው።»

ከኋላዬ የተቀመጠችው የጋዝጊብላ ወረዳዋ ብርነሽ፣ «እንግዲያው ማን ይሰጠዋል? ቆሞ ይቅር!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ተቆጡ። «የሚመጣው አርብ መጨረሻውን ስነግራችሁ ታፍራላችሁ» አሉን።

አርቡ ሲደርስ መምህሩ የሉም። ዝውውራቸው ደርሶ በጠዋቱ መኪና ሄደዋል። ዝውውሩን የፈረመላቸውን ሰው ስረግም ኖርኩ። በሠርግ በለቅሶው፣ ከጎጃም መጣሁ ያለኝን ሁሉ «ፈረሰኛው ገባ ወይ?» እያልኩ ስጠይቅ፣ የለከፈው ነው ብለው ያዩኝ ነበር። አልተሳሳቱም።

በቀደም የልጅ ልጄ በስልኳ ፈልጋ፣ «አባባ፣ ባለቅኔው ራሱ ሳይጨርሰው ነው የተወው። መጨረሻ የለውም» አለችኝ። የለውም! ታዲያ መምህራችን ያን አርብ ምን ሊነግሩን ኖሯል? ለካ ዝውውሩ ገላግሏቸዋል! ብርነሽማ፣ ሽማግሌ ልኬ ያገባኋት እሷን ነው፣ «አላልኩም?» ብላ ስትስቅብኝ ዋለች።

አሁን እኔው ራሴ የሚላክ ሽማግሌ ሆኛለሁ። የዛሬ ጎረምሶች በስልክ ተስማምተው ካበቁ በኋላ ስለሚልኩን፣ እውነቱን ለመናገር የምንሄደው ለጠላው ነው። ቢሆንም ግቡ እስክንባል ደጅ ስንቆም ያ ሞኝ ትዝ ይለኛል። ፈረሱም ደክሞታል፣ እሷም ግንቡ ላይ ትጠብቃለች። ምናለ ቢልከኝ? እያነከስኩም ቢሆን እሄድለት ነበር።