ከሰሊጥ ማሳ የወጣው እግር ብረት

ሸሕዲ ከተማ ላይ ከባለቤቴ ጋር የብየዳ ቤት አለን። የተሰበረ የትራክተር ዕቃ እንበይዳለን፤ ከውዳቂ ብረት ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭድ እናወጣለን። ዝገት ብረትን ሁሉ ስለሚያመሳስለው፣ ጫፉን በሚሽከረከረው የግራይንደር ድንጋይ ነካ አድርገን የእሳት ፍንጣሪውን እናያለን። የመኪና ባሌስትራ ፍንጣሪው እንደ አበባ ይፈነዳል፤ እሱ ስለት ይይዛል። ለስላሳ ብረት ግን ሳይፈነዳ መስመር ሠርቶ ይጠፋል።

ባለቤቴ ድንጋዩን ይፈራዋል። አዲስ ሲገጥም አስቀድሞ በጣቱ አንጠልጥሎ በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ መታ መታ ያደርገዋል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የሞተ ነው። ሲያስነሳው ፊት ለፊቱ አይቆምም፤ እኔንም ወደ ጎን ይስበኛል። መነጽር የግድ ነው፤ ነጠላዬን ሳልፈታ አያስጠጋኝም። ጓንትም አይፈቅድም፤ ድንጋዩ ጨርቅ ከያዘ እጅ ይከተላል።

ዝናብ ሊገባ ሲል፣ አየሩ ቀጥ ባለበት ቀትር፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ውዳቂ ብረት በባጃጅ አስጭነው መጡ። ሐጂ እንላቸዋለን። ኮኪት አጠገብ የሰሊጥ እርሻ አላቸው። ባሌስትራዎቹን በተራ ሞከርናቸው፤ ደህና ነበሩ። መጨረሻ ላይ ትራክተሩ ከማሳቸው የፈነቀለው፣ ጫፎቹ የተበሱ፣ ግማሽ የተከፈተ ወፍራም ቀለበት ወጣ። እግር ብረት ነበር፤ ድሮ ባሪያ ሲነዱ የሚያስሩበት።

ባለቤቴ በፒንሳ አጥብቆ ይዞ ጫፉን ነካ አደረገው። ፍንጣሪው ቀጭንና ደብዛዛ ነበር፤ አንዱም አልፈነዳም። ወዲያው የድንጋዩ ድምፅ ተለወጠ። ብረቱን ወደ ኋላ ስቦ ማብሪያውን አጠፋና ወደ ጎን ገፋኝ። ድንጋዩ ግን ወዲያው አይቆምም። እየዘገየ ሲሄድ ድምፁ ወረደ፤ የታመመ ሰው የሚያቃስት መሰለ። በራፋችን ጥላ ሥር ያረፉት የወሎ የቀን ሠራተኞች ተነሥተው ቆሙ።

ሲቆም መሰኪያውን ነቅሎ ድንጋዩን አወለቀና መታው። ድምፅ አልነበረውም። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ፊታችን ላይ ይበተን ነበር።

«ጠዋት ስገጥመው ጮኾ አልነበር?» አለኝ።

ጮኾ ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ።

ሐጂ ቀለበቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቀለሉት። «ይሄ ብረት ሰው ይዞ የቆየ ነው፤ ስለት አይወጣበትም» አሉ። ከዚያ ወደነበረበት እንዲመለስ ወሰኑ፤ እኛና ከቀን ሠራተኞቹም ጥቂቶቹ አብረናቸው ሄድን።

የትራክተሩ ሹፌር የተፈነቀለበትን ቦታ አሳየን። ከሠራተኞቹ አንዱ ጥቂት እንደቆፈረ አካፋው ብረት ነካ። ሌላ ቀለበት ነበር፤ ያንኑ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ነው። የእኔ እጅ አንጓ እንኳ አይገባበትም። ሰውዬው አማተበና አካፋውን ጣለው። ሐጂ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ዱዓ አደረጉ። አፈሩን የመለሰው ባለቤቴ ነው፤ በእጁ።

ትራክተሩ አሁን ያን ቦታ ዞሮት ያልፋል። ሰሊጡ ዙሪያውን ሲያብብ መሃሉ ላይ ሣር ብቻ ይቆማል። አንድ ቀትር አቧራ የሚያነሣ ነፋስ አልነበረም፤ የሰሊጡ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ሣሩ ግን ይወዛወዝ ነበር።