ዘራፍ ለአባ ዳልቻ

ሊዮል መኳንንት ያደገው አባቱ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ሲፎክር እየሰማ ነው።

ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ሐበሻ በሚዳርበትና በሚያስመርቅበት አዳራሽ ሁሉ፣ ኬኩ ተቆርጦ ዲጄው ሙዚቃውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ማይኩ ወደ መኳንንት ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው፣ ከመንገደኛ ሻንጣ በቀር ከማንም ጋር የማይታገለው ሰው፣ ማይክ ሲጨብጥ ትከሻው ይሰፋል። አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ይንጎራደዳል። ከዚያ «ዘራፍ!» ሲል ብርጭቆው ሁሉ የሰማ ይመስላል። ለአንድ አዲስ ተመራቂ ፋርማሲስት እንዲህ ብሎለት ነበር፦

ዘራፍ የመድኃኒቱ፣ የእንክብሉ ጌታ፣
በብዕሩ ተዋግቶ ፈተናን የረታ!

ሰው ይስቃል፤ የልጁ እናት ታለቅሳለች። ልጁ ግን ያን ቀን አንድ ክንድ ይጨምራል። ዲግሪውን ዩኒቨርሲቲው ሰጥቶታል፤ ያጸደቀለት መኳንንት ነው።

መኳንንት አንድ ሕግ ነበረው፤ ያላየውን አይፎክርም። «ልጃችን ይመረቃል» ብለው ሲጠሩት ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ፣ ዴንተን ድረስ ነድቶ፣ የማያውቃቸው ስሞች ሁሉ ተጠርተው እስኪያልቁ ስታዲየም ውስጥ በፀሐይ ይቀመጣል። «ፉከራ ምስክርነት ነው» ይላል። «ሳያይ የሚፎክር ሰው የአንዱን ክብር ሰርቆ ለሌላው የሚያድል ሌባ ነው።»

ሊዮል ከዚህ ዓለም አጥብቆ የፈለገው ይህንኑ ነበር። በአባቱ አፍ፣ በአባቱ ዜማ፣ የራሱን ስም መስማት።

የነርስነት ትምህርት ጀምሮ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜስኪት፣ ኮርማ በሚጋለብበት የሮዲዮ ሜዳ፣ መኪና የማስቆም ሥራ ያዘ። አንድ ምሽት ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ አጥሩን ተደግፎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። አንድ ሰው ቁጣ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እጁን በገመድ አስሮ፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይወዛወዛል። ሌላው ተመልካች ስፖርት ያያል። ሊዮል እስክስታ አየ፤ ምድር ከበሮ ስትሆን፣ ሰው ወገቡን ለእግዜር አደራ ሰጥቶ ሲመታ አየ። በዚያው ልቡ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ትምህርቱን ትቶ ኮርማ ጋላቢ ሆነ።

እራት ላይ ነው ለአባቱ የነገረው።

«በሬ ላይ ወጣሁ ነው የምትለኝ?»

«ቡል ነው፣ አባዬ። ማለቴ፣ ኮርማ።»

«ኮርማም ቢሆን። በሬ ይጠመዳል፤ ሲያረጅ ይታረዳል። ወንድ ልጅ የሚወጣው ፈረስ ላይ ነው። ከብት ላይ የሚወጣ ባለጌ እረኛ ነው፤ እሱም ጌታው ዞር ሲልለት!»

«ስፖርት ነው እኮ! ስምንት ሰከንድ ከቆየህ ፖይንት ይሰጡሃል። ዋን ታይም ብቻ ና። ና እና እይ።»

«አላይም።»

እናቱ ምሥራቅ ሰሐኑን አነሣች። «አላይም» ማለት «አልፎክርልህም» ማለት እንደሆነ በዚያ ቤት ያልገባው አልነበረም።

ኤርፖርት የሻትል ሹፌሮቹ ተራ ሲጠብቁ፣ ባርናባስ የሚባለው የሥራ ባልደረባው በዚሁ ነገር ይቀልድበት ነበር። «ጋሼ፣ ልጅዎ የሚጋልባት ላም ዘንድሮ ታለበች?» መኳንንት አብሮ ይስቅና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ሊዮል ሻምፒዮን አልሆነም። በየትንሹ ከተማ ተወዳድሮ አንዳንዴ አሸነፈ፣ ብዙ ጊዜ ወደቀ። ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ኦቲስ ቤል የሚባል፣ በዘመኑ ቴክሳስን ያስጨበጨበ ጥቁር ሻምፒዮን ነበረ፤ የእሱን የሕይወት ታሪክ ሊሠሩ ነው። ኦቲስን ሆኖ የሚጫወተው መልከ መልካም ተዋናይ እውነተኛ ኮርማ ላይ እንዲወጣ ውሉ አይፈቅድለትም። ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ የአንገቱን አወራረድ የሚመስል ጋላቢ ፈለጉ። የአደጋ ትዕይንቶቹን የሚመራው አሌክስ፣ ሊዮልን ከኋላ አይቶ «ይሄ ነው!» አለ። ከፊት አላየውም፤ ፊቱ አያስፈልግም ነበር።

«አባዬ፣ የፊልሙ ቀን ፋሚሊ መግባት ይችላል» አለ ሊዮል። «ክራውድ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። ፕሊስ።»

«ሥራ አለኝ» አለ መኳንንት። ፈቃድ መለመን እንደሚያውቅበት ግን ዴንተን ምስክር ነው።

ምሥራቅ ሄደች። ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ፊልም ሠሪዎቹ በተከራዩት ሜዳ፣ ከነጠላዋ በላይ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍተውላት ከተመልካቹ መሐል አስቀመጧት።

ኮርማው ጥቁር ነበር፤ ሌሊት ቀንድ አውጥቶ የቆመ የሚመስል። ሊዮል ጠባቧ በረት ውስጥ ጀርባው ላይ ሲቀመጥ ትንፋሹ በጭኑ መካከል ሲነፋ ተሰማው። በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሊዮል ሲናገር እጆቹ ይቀድሙታል። መሬት ወደ ላይ መጣች፣ ሰማዩ ወደ ታች ወረደ፣ እሱ ግን መሐል ላይ እንደ ዘፈን አዝማች ጸንቶ ቆየ። ስምንት ሰከንድ። በሕይወቱ እንደዚያ ጋልቦ አያውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልጋለበም።

«ቢውቲፉል!» አለ አሌክስ። «አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ለመጠባበቂያ።»

በሁለተኛው ኮርማው ገና ከበሩ ሳይርቅ ጣለውና ዳሌው ላይ ረገጠው።

ሆስፒታል ውስጥ መኳንንት ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ በየቀኑ እየመጣ በእጁ ሾርባ አጠጣው። ዶክተሮቹ ምን አሉ፣ ብረቱ መቼ ይገባል፣ ይህን ሁሉ ጠየቀ። «ጋለብክ ወይ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ምሥራቅ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና፣ ለራሷ ይሁን ለልጇ በማይለይ ድምፅ «ፊትህን ለሌላ ሰው ሰጥተህ፣ ስብራቱን ለእኔ ይዘህ መጣህ» ትላለች።

ሊዮል ኮርማውን ተወ። መጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጭነት መኪና ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብ ሰው ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ በዳሌው ያውቃል። ተስፋ ሰጥቶ ያቆመው ፊልሙ ነበር። አባቱ ከብት የሚሸትበት ቦታ መሄድ ሳያስፈልገው፣ ለስላሳ ወንበር ላይ፣ በጨለማ ተቀምጦ ያየዋል። የዘገየ ምስክር ነው፤ ግን ይመጣል። ያኔ ሕጉም አይከለክለውም።

ፊልሙ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው አሌክስ ደወለ። የሊዮል ግልቢያ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቷል። ኮርማው ጥቁር፣ አቧራው ወፍራም፣ ስክሪን ላይ አልታይ ብሎ ተዋናዩን ራሱን ስቱዲዮ ውስጥ በሞተር የሚወዛወዝ ማሽን ላይ አስቀምጠው ቀርጸው፣ ኮርማውን በኮምፒውተር ሠሩት። አሌክስ አዘነ፤ ከልቡም ነበር። ሊዮል ያንን የተቆረጠ ቅጂ ለእሱ ብቻ እንዲልኩለት ለመነ። የድርጅቱ ንብረት ነው፣ አይሆንም አሉት።

ለቤተሰቡ ሊነግር ወደ ሳሎን ሲወጣ፣ አባቱ መነጽሩን አድርጎ ስልኩ ላይ የሲኒማ ትኬት ለመግዛት ይታገላል። አሜሪካ ሲኖር ሲኒማ ቤት ረግጦ አያውቅም።

«ይሄ ሲት ምረጥ የሚለው የትኛው ነው የሚሻለው? ከፊት ነው ከኋላ?»

ሊዮል ጎንበስ ብሎ መሐለኛውን ረድፍ ነካለት። የአሌክስን ነገር በሆዱ ያዘው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሄዱ። ምሥራቅ በቦርሳዋ ቆሎ ደብቃ አስገባች። ባርናባስም ከነሚስቱ መጣ። «ዛሬ ላሟን አያታለሁ» እያለ። ፊልሙ ረጅም ነበር፤ መኳንንት በፍቅሩም በፍርድ ቤቱም ቦታ አልተንቀሳቀሰም። መጨረሻ ላይ የበረቱ በር ተከፈተና ዳልቻ ኮርማ፣ ግራጫ እንደ ዝናብ ደመና፣ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። ጀርባው ላይ ያለው ሰው አንድ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

መኳንንት ብድግ አለ።

«ዘራፍ! ዘራፍ አባ ዳልቻ!»

ከኋላ «ሽሽሽ!» አሉ። አልሰማም። ጥንት ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራው፣ ልጁን በኮርማው ስም ጠራው።

ሰው ሁሉ ይፎክራል ፈረሱን ሲያይ፣
የኔ ልጅ ተቀመጠ ነጎድጓዱ ላይ፤
ምድር ስትገለበጥ፣ ሰማዩ ሲዞር፣
ያባቱን ስም ይዞ ቁጭ ያለ እንደ አገር!

ምሥራቅ እልል አለች። ባርናባስ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጥቂት አሜሪካውያን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ሊዮል አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ሁሉም በደስታ መሰላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኳንንት መሪውን እየደበደበ ይነዳል። «አባ ዳልቻ! ሳላስበው እኮ ነው ከአፌ የወጣው! ስማ እስቲ፣ ያኔ በግራ ሲታጠፍብህ ቀድመህ ወገብህን አዞርክ። እንዴት አወቅህ?»

ያ ወገብ የሊዮል አልነበረም። ዝም ቢል ደግሞ አባቱን በገዛ ሕጉ ሌባ ማድረጉ ነው።

«አባዬ፣ እሱ እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት?»

«ማሽን ነው። ቡሉም ኮምፒውተር ነው። የኔን ካት አደረጉት። አሌክስ ኮል አድርጎ ነግሮኛል፣ ላስት ዊክ።»

መኳንንት መሪውን መደብደብ ተወ።

«ሰው ፊት ሳልቆም ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈልጌው ነበር» አለ ሊዮል። «አንድ ጊዜ እንድትለኝ ፈልጌ።»

«እና አንተ አልጋለብክም?»

«ጋልቤያለሁ! ስምንት ሰከንድ፣ ጥቁር ነበር የኔ። እማዬ እዛ ነበረች። እማዬ፣ ንገሪው። አይተሻል፣ ራይት?»

ምሥራቅ ከኋላ ወንበር ሆና መለሰች።

«ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነበር፣ ልጄ። እመቤቴን እየለመንኩ። ሰው ሲያጨበጭብም አልገለጥኩም። የገለጥኩት በሁለተኛው፣ ሰው ሲጮህ ነው። እኔ ያየሁህ መሬት ላይ ወድቀህ ነው።»

መኳንንት ከአውራ ጎዳናው ወደ ቤት የሚያስወጣውን መውጫ አለፈው። ልብ አላለም። ከብዙ መንገድ በኋላ «ና ብለኸኝ ነበር» አለ።

«አዎ።»

ነገሩ ከሦስቱ አልወጣም። ባርናባስ ግን የቀረጸውን ለሁሉም በትኖት ነበር። ቤተ ክርስቲያን፣ ሐበሻ ሱቅ፣ ሻትሉ ተራ ላይ ሁሉም ሊዮልን «አባ ዳልቻ!» ይለዋል። ሊዮል ፈገግ ብሎ ያልፋል።

በጥቅምት ቤድፎርድ ውስጥ የባርናባስ የእህት ልጅ የትምወርቅ ተዳረች። ማይኩ እንደ ልማዱ ወደ መኳንንት ሄደ። ለሙሽራው ፎክሮ ማይኩን ሊመልስ ሲል አዳራሹ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ። «አባ ዳልቻ! አባ ዳልቻ!»

«ይቅር፣ ሌላ ቀን» አለ መኳንንት።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ባርናባስ እጆቹን አጣምሮ። «ላም ብዬ የቀለድኩትን ይማሩኝና ይበሉልን! በሞቴ!»

መኳንንት ማይኩን እንደያዘ ወደ ልጁ ተመለከተ። ያን ያህል ሲተያዩ ከሆስፒታሉ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲፎክር ጨፍኖ አያውቅም። ድምፁም ከሌላ ጊዜው ዝቅ ያለ ነበር።

ዘራፍ የጥቁሩ፣ የጽልመቱ ጌታ፣
ማንም ሳያይለት...

«ዳልቻ! ጋሽ መኳንንት፣ ዳልቻ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። «ረሳው! አርጅቷል!» አለ ሌላው። ሴቶቹ «ዳልቻ! ዳልቻ!» እያሉ በጭብጨባ አዜሙት። መኳንንት ስንኙን ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። እንደገና ሞከረ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ማይክ በያዘበት ዘመን ሁሉ ሰው ስቆበት አያውቅም።

ሊዮል ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ዳሌው እየጮኸ ተነሣ።

«ዳልቻ ነው፣ አባዬ» አለ ሁሉም እንዲሰማ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መኳንንት ከአንደኛው ስንኝ ጀምሮ፣ ያንን የሲኒማ ቤቱን፣ አንድም ሳያጎድል ፎከረው። ድምፁ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ሊዮል እስኪያልቅ ቆመ።