በደረት የሚሰጥ ሰላምታ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ መነጽሬን አወልቃለሁ፤ አንዳንዴም ሳምንት ሙሉ ደብተሩን ሳልከፍት እሰነብታለሁ። ይህን ግን ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ቤታችን ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢ ብዙ አይርቅም። ከጓሮ ባለችው ክፍል አንድ ናይጄሪያዊ መምህር ተከራይቶ ይኖራል፤ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምሕንድስና ያስተምራል። ክፍሉን ሊያይ የመጣ ዕለት «የየት አገር ሰው ነህ?» ብለው «ዮሩባ ነኝ» አለኝ። ናይጄሪያን የጨመረው ግራ እንደገባኝ ሲያይ ነው።

ያኔ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸጉሩ ሽበት ነበር። ሰውየው ሽበቱን አየና ድንገት ባለቤቴ ፊት በደረቱ ተዘረረ። ባለቤቴ ራሱን የሳተ መስሎት «ውኃ! ኧረ ውኃ አምጪ!» ብሎ ጮኸ። ጣሳ ይዤ ስሮጥ ሰውየው ከመሬት ሆኖ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቃል። በአገራቸው ወንድ ልጅ ታላቁን ሰላም የሚለው እንዲህ ነው። ሽማግሌው «ተነሥ» እስኪለው አይነሣም። ባለቤቴ ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እሱ ይወድቃል፣ ባለቤቴ «ተነሥ» ይላል፣ ሁለቱም እየሳቁ ወደየጉዳያቸው።

አማርኛ ያስተማረው ባለቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነበርና ማስተማር አልለቀቀውም። ሄድሁ፣ በላሁ፣ መጣሁ እያለ እንደኛው አድርጎ አስተማረው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ፣ የሆቴሉ ሰው «ይህን አማርኛ ከገጠር ነው እንዴ የተማርከው?» ብሎ እንደሳቀበት ነገረን። «ምን አልኸው?» አለው ባለቤቴ። «ከባለቤቶቹ ነው የተማርሁት አልሁት!»

«እርስዎ» ማለትን ማንም አላስተማረውም። በቋንቋቸው ለታላቅ የሚሆን መጥሪያ ለብቻው ስላላቸው ገና ሲሰማት ያዛት። እንዲያውም አበዛው፤ ጢም ያላበቀለውን የባጃጅ ሾፌር «እዚህ ጋ ያውርዱኝ» ሲለው ሾፌሩ ከኋላ የትኛው ሽማግሌ እንደተሳፈረ ዞሮ ፈለገ።

ሰርክ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በረንዳው ላይ ሆነው ያወራሉ። እኔ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ።

«አያቴ ዮሩባ ነኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም» አለ አንድ ቀን። «በከተማቸው ስም ኢባዳን ነኝ ነበር የሚሉት። አባቶቻቸው ከጎረቤት ከተማ ጋር ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁላችንም በአንድ ስም የተጠራነው በኋላ ነው። ዛሬ ፖለቲከኛው ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ እያለ ይደለድለናል፤ ዘንድሮ የመግዛት ተራው የማን ነው ይባላል። ሰው በሌላ ክልል ተወልዶ ቢያረጅ እንኳን ቅጽ ላይ የሚሞላው የአባቱን አገር ነው።»

«እኛም መታወቂያችን ላይ ብሔር የምትል አንዲት መስመር ነበረችን» አለው ባለቤቴ። እኔ የእንፍራንዝ ልጅ ነኝና በጣቱ ጠቆመኝ። «ይህች ጎንደሬ ናት፣ እኔ ጎጃሜ ነኝ፣ አንተ ዮሩባ። ይህ ቤት ፌዴራል ነው።»

«መሪው ማን ነው ታዲያ?»

«ወጥ ቤቱን የያዘው ነዋ!»

መንገድ ላይ ፍተሻ በበዛበት ሰሞን አንድ ታጣቂ ኬላ ላይ አስቁሞ ብሔሩን ጠየቀው። «ዮሩባ» አለ። ታጣቂው አሰብ አደረገና «የት ወረዳ ነው እሱ?» አለው። ተከራያችን ይህን ሲያወራ ይደሰታል። ስንት አገር ሲዞር ዮሩባን ጎረቤት አገር ያደረገለት ያ ሰው ብቻ ነው።

ባለቤቴ የወደቀው እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ማለዳ ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ ሊወጣ ሲል። ሮጦ ያነሣው፣ ታቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሰው ተከራያችን ነው። ከሐኪም ቤት አልተመለሰም።

ስልክ የማይሠራበት ጊዜ ስለነበር ለታላቅ ወንድሙ መልእክቱ ቶሎ አልደረሰም። ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም መሆናቸው ነው፣ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ከከተማችን አጠገብ ካለው ሐይቅ ደሴቶች ባንዱ የሚኖሩ፣ መጻሕፍት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ አባ ነው የምላቸው። ሲደርሱ ወንድማቸው ተቀብሯል፤ ከመቃብሩ ቤት ሳይገቡ ተመለሱ። እኔም ያ በረንዳ አስጠላኝ። በጓሮ በር መግባትና መውጣት ጀመርሁ፣ ብዙውን ቀን ጓሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አሳልፋለሁ። ተከራዬ ከሥራ ሲመለስ «ኧ ኩ ኢጆኮ» ይለኛል። ተቀምጦ ላገኙት ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው።

«መቀመጥም እንደ ሥራ ተቆጥሮ?» አልሁት።

«አንዳንዴ ከባድ ሥራ ነው፣ እማማ» አለኝ።

የአርባው ዕለት ዋርሳዬ መጡ። ከበረንዳው ደረጃ ላይ ሆነው የት ጋ እንደወደቀ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በዚያች ቅጽበት ተከራዬ ከጓሮ ብቅ አለና እግራቸው ሥር በደረቱ ተዘረረ። አባ ወደ ኋላ ሸሹ፤ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ተነሥ! ለሰው ይሰገዳል እንዴ? ምን ዓይነት ቤት ሆነ ይህ!»

እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ከሰነበቱ በኋላ «ያ ሰው ከዚያ ግቢ ካልወጣ ለመንፈቁ አልመጣም» የሚል መልእክት ላኩብኝ።

መንፈቁ የስድስት ወሩ ተዝካር ነው። ባለቤቴ ከእሳቸው ሌላ ወንድም አልነበረውም። ቀብሩ ላይ ያልደረሰ አንድ ወንድሙ ከተዝካሩም ቢቀርበት ምን ብዬ እመልሳለሁ? ባለቤቴን ከመሬት ያነሣውን ሰውስ ውጣልኝ የምለው በየትኛው አፌ ነው? ሌሊት ሌሊቱን ስገላበጥ ከረምሁ።

በመጨረሻ ለተከራዬ ነገርሁት። «አባን ስታያቸው ጎንበስ በል፤ ወይም እጅ ንሣ። እኛም የምናደርገው እሱን ነው።»

እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ክፍሉን ልልቀቅልዎ እማማ። እሱን እችላለሁ። ቆሜ ሰላም ማለት ግን አልችልም። ወጣት ሳለሁ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ሄጄ እንደ ከተማ ልጅ አባቴን ልጨብጥ እጄን ዘረጋሁ። አባቴ እጄን አየው፣ እጁን ግን አልሰጠኝም። በዓመቱ ሞተ። ለእሱ ያልወደቅሁትን ነው ለሌላው የምወድቀው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ውጣ የሚለው ቃል ከአፌ እንደማይወጣ አወቅሁ። «በል ነገ አብረን እንሄዳለን» አልሁት።

በማግስቱ በጀልባ ተሻገርን። በደሴቲቱ ሴት ከወደቡ አታልፍም። የወደቡ ጠባቂ እኔን እዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ፤ እሱን ሽቅብ ይዞት ወጣ። ሲሄድ «እባክህ አትውደቅ!» ብዬ ጮኽሁበት። እጁን አወዛወዘልኝ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

ይብራዎቹ፣ የሐይቁ ዳክዬዎች፣ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ጀልባ ነጂው ተኝቷል። እኔ ዳዊቴን ከፈትሁ፣ አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብሁ፣ ዘጋሁት። ቢያባርሩት ወዲያው ይመለስ ነበር ብዬ ተጽናናሁ፤ ደግሞ ሲቆይብኝ ፈራሁ። ፀሐይዋ ጥላዬን ወስዳ እግሬ ላይ ስታርፍ ሁለት ሰዎች ቁልቁል ሲመጡ አየሁ። አንዱ የሌላውን ክንድ ይዟል። አባ ናቸው፤ ክንዱን የተደገፉት የተከራዬን ነው።

ብድግ አልሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«እኅቴ፣ ይህ ሰው እላይ ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም አባ።»

«ወደቀብኝ እንደገና! ያውም በተማሪዎቼ ፊት። ለሰው አይሰገድም አላልሁህም ስለው፣ አባ ዝቅ ብለው ይዩኝ፣ ግንባሬ መሬት አልነካም አለኝ።»

«ግንባሬ የእግዚአብሔር ነው» አለ ተከራዬ። «ለታላቅ የሚነካው ደረቴ ነው።»

«ዝቅ ብዬ አየሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! እውነቱን ነው፤ አንገቱን እንደ ኤሊ ቀና አድርጎ ይጠብቀኛል።» መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «ያዕቆብ ለወንድሙ ለዔሳው ሰባት ጊዜ መስገዱን ዕድሜ ልኬን አስተማርሁ። የአምልኮ ስግደት ሌላ፣ የአክብሮት ስግደት ሌላ እያልሁ ስንቱን ተማሪ ገሠጽሁ። ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።»

ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ሄደ። ሐይቁን እያዩ ነው የተናገሩት።

«ደግሞ ያስቆጣኝ ስግደቱ ብቻ አልነበረም። ወንድሜ ሲወድቅ አላየሁም፤ ሲቀበርም አልደረስሁም። አንቺ ቦታውን ባሳየሽኝ ቅጽበት ይህ ሰው ተዘረረ። እሱን ያየሁ መሰለኝ፤ ደነገጥሁ። ሽማግሌ ሲደነግጥ ይቆጣል።»

«ያነሣው እሱ ነው አባ።»

«ነገረኝ። ማለዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። እስከ ሐኪም ቤቱ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እመጣለሁ፤ ፍትሐቱንም እኔው አደርሳለሁ።»

ድንጋዩ ላይ መልሼ ቁጭ አልሁ። አለቀስሁ፤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ደረቴን አልወጋኝም። ተከራዬ ጎንበስ ብሎ «ኧ ኩ ኢጆኮ» አለኝ።

«ምን አለሽ?» አሉ አባ።

«ተቀምጬ ስላገኘኝ ሰላም እያለኝ ነው።»

«ለዚህም ሰላምታ አላቸው? እኛኮ የተቀመጠ ሰው ስናይ ምነው ሥራ ፈታህ ነው የምንል!»

የመንፈቁ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ተከራዬ እንግዳ እንዳያስደነግጥ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ቆየ። አባ በረንዳው ላይ ቆመው «ያ ሰው የት አለ?» አሉ። ከአገሩ ያመጣውን ሰፊ ሰማያዊ ቀሚስና ቆቡን አድርጎ ወጣ። ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጎ፣ ባለቤቴ የወደቀባት ቦታ ላይ በደረቱ ተኛ።

«ኧረ ሰውየው ወደቀ!» አለች አንዲት ሴት።

«አይዟችሁ፤ አልወደቀም። ሰላም እያለኝ ነው» አሉ አባ። «ተነሥ» ግን አላሉትም።

«አባ፣ ተነሥ ይበሉት እንጂ፤ ካላሉት አይነሣም» አልኋቸው ከወጥ ቤት በኩል።

«አውቃለሁ፣ ነግሮኛል። ትንሽ ይቆይ፤ የወንድሜንም ድርሻ ይወድቅልኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ መስቀላቸውን ቆቡ ላይ አሳርፈው «ተነሥ ልጄ» አሉት።

እኔ ድስቱን ተሸክሜ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። በየትኛው በር እንደወጣሁ ያስተዋልሁት ለሰዎቹ ወጥ ካወጣሁ በኋላ ነው። በበረንዳው በኩል ነበር።