የራይና መጋረጃ

የመጋረጃ ቀለበቶች በብረት ዘንግ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሰሙትን ድምፅ ዛሬም በሰው ቤት ስሰማ ልቤ ፕሎቭዲቭ ከተማ ወደነበረው የዓይን ሕክምና ክፍላችን ይመለሳል። ሽርርር ይልና ክፍሉ ይጨልማል። ዶክተር ራይና ቾላኮቫ ሥራ ጀመረች ማለት ነው፤ እኔ ነርሷ ነበርኩ።

ሠላሳ ዓመት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰው ዓይን አየች። ሹመት አልደረሳትም፤ ስትለምንም አላየኋት። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት በሽታ፣ የተጠረጠረበት ሰው ሲመጣ የዓይኑ ውሃ የሚወርድበት ማዕዘን መጥበቡን ታጣራለች። በእጅ ባትሪ ከጎን ታበራለች፤ ቀጥላ በዓይኑ ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርሃን ትጥላለች። ሁለቱንም «ግምት» ትላቸው ነበር። የምታምነው ዓይን ላይ የምታሳርፋትን ትንሽ ባለመስታወት ሌንስ ነው፤ ማዕዘኑን ራሱን ታሳያታለችና። እሷንም የምትጠቀምባት በጨለማ ብቻ ነው። ብርሃን ሲበዛ ብሌን ይጠባል፣ ማዕዘኑም ይከፈታል፤ የታመመው ዓይን ጤነኛ ይመስላል።

ኋላ ዓይን ሳይነካ ማዕዘኑን ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ መጣ። ከመሣሪያው ጋር ፕሮፌሰር ቤንቼቭ መጣ፤ ከበሽተኛ ስም ይልቅ የክራቫቱን ቋጠሮ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው።

አንድ ቀን ከዋና ከተማው ከሶፊያ እንግዶች መጡለት። መሣሪያው በፎቶ እንዲያምር ብሎ መጋረጃውን ወለል አድርጎ ከፈተና የባባ ኔራንዛን ዓይን ለካ። ባባ ኔራንዛ ዳንቴል ሠሪ አሮጊት ናቸው፤ «ባባ» በእኛ ቋንቋ ሴት አያት ማለት ነው። አንደኛው ዓይናቸው በዚሁ በሽታ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጀምረውት የነበረው ዳንቴል ከጭናቸው ላይ ነበር።

«ሠላሳ አምስት ዲግሪ! ክፍት ነው» አለ ለእንግዶቹ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ጨምሪላት።»

ጠርሙሱን ሳነሣ ራይና እጄን ያዘችው።

«የለካኸው መጋረጃው ተከፍቶ ነው። ማዕዘኑ ጠባብ ከሆነ ይህ ጠብታ ጨርሶ ይዘጋዋል። የቀረቻቸው አንድ ዓይን ናት።»

«ዶክተር፣ መሣሪያው ተናግሯል። እርስዎ በዚያች በአያትዎ መስታወት ምን ሊጨምሩበት ነው?»

«ተማሪ ሳለህ ያቺን መስታወት ገልብጠህ ይዘህ ‹ምንም አይታየኝም› እያልክ ላብ ያሰጠመህ፣ ረሳኸው?»

አንዱ እንግዳ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ባባ ኔራንዛ ግን ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ የምትጣሉት በኔ ዓይን ነው ወይስ በመጋረጃው?» አሉ።

«በመጋረጃው ነው፣ ባባ» አለች ራይና። ሽርርር። ጥቂት ጠብቃ ሌንሷን አሳረፈች፤ ብርሃኑን ከብሌኑ አርቃ ዞር ዞር እያደረገች አየች።

«አንድም ክፍት ጥግ የለም።»

«ይህ የእርስዎ አስተያየት ነው።»

«እንግዲያው መሣሪያህን በጨለማ ጠይቀው። እሱ ምስኪን ያሳዩትን ነው የሚያወራው። ደደቡ ሌላ ነው።»

እንግዶቹ እያዩት ነበርና እንደገና ለካ። ስምንት ዲግሪ። ቁጥሩ የሚያፍር ይመስል ማሳያውን በጣቱ ደጋግሞ መታው። ስምንት ያው ስምንት ነበር።

ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

«ነገ ለዓይንዎ ውሃ በጨረር ትንሽ መተላለፊያ እንከፍትልዎታለን፣ ባባ» አለች ራይና።

«ይህን ዳንቴል እጨርሰዋለሁ?»

«ይጨርሱታል።»

መጋረጃውን ልከፍት ስነሣ ራይና፣ «ተይው» አለችኝ፤ «ፕሮፌሰሩ መለካት ቢጠፋው እንኳ በሩ አይጠፋውም።»

ፕሮፌሰሩ በጨለማው ውስጥ ክራቫቱን አስተካከለ። እኛንም፣ እንግዶቹንም ሳይሰናበት ወጣ።