ጎርቡሻ የሚባለው ዓሣ

ሳቢያን ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ የሩስያ ጽሑፍ ያለበት የቆርቆሮ ዓሣ አየሁ፤ ጎርቡሻ ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ጉብጠቴን ልትደብቅ በድሬ ሙቀት ጋቢ ታለብሰኝ፣ ከትምህርት ቤትም ታስቀረኝ ነበር። ሩስያ የተማረው አጎቴ አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ ከፈተ፤ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

«‹ጎርብ› በነሱ ጉብታ ነው» አለኝ። «ዓሣው ለመራባት ከባሕር ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ሲዋኝ ጀርባው ይጎብጣል። ስሙን ከዚያ አገኘ።»

«አይስቁበትም?»

«አቦ፣ ይሳቁ! እሱ እንደሁ ሽቅቡን አይተውም።»

በማግስቱ ጋቢውን ጥዬ የደቻቱን ወንዝ ተሻገርኩና ከትናንሾቹ ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። እናቴ «ምን ይሉናል!» እያለች እስከ ድልድዩ ተከትላኝ ነበር።

ባለሱቁ ዓይኑን ጀርባዬ ላይ እንደተከለ፣ «ማዘር፣ ይሄ ምን ዓሣ ነው?» አለኝ።

«ጎባጣ ነው» አልኩት፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ።